ከኸይሩ ጀርባ ቆሜ ያነሳሁት ፊልም

ኸይሩ ከሞተ ሦስት ዓመት እንዳለፈው የነገረኝ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ነው። በርበሬው የመስቃን መሆኑን ሲነግረኝ እንደ ልማዴ፣ «ቡታጅራ ኸይሩ የሚባል ሰው ታውቃለህ? ድሮ ገበያ ላይ ምትሃት ያሳይ የነበረ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሰውዬው ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሳ፣ «እሱማ ሞተ እኮ። ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። አልሰማህም እንዴ?» አለኝ።

አልሰማሁም። እንዲያውም በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰላምታ ልኬበታለሁ። አንደኛው መልእክተኛ ተመልሶ መጥቶ፣ «ደህና ነኝ፣ አንተስ እንዴት ነህ ብሎሃል» ብሎኝ ነበር። ለካ ሳያደርስልኝ ነው። በርበሬዬን ይዤ ቤት ገባሁ። ያንገበገበኝ መሞቱ ብቻ አልነበረም። ለዚያ ሰው ከሰላምታ ሌላ የምልከው ቃል ነበረኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊልም አንሺ ነበርኩ። ሥራችን በየገጠሩ እየዞርን ስለ ወባ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ንጹሕ ውሃ ፊልም ማንሳትና ማሳየት ነው። ሾፌሩ ተሰማ፣ እኔ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ ፕሮጀክተርና እንደ ግድግዳ ሰዓት በእጅ የምትጠመዘዝ ካሜራ፤ ይኸው ነበር ጓዛችን። ቡታጅራና ወልቂጤ የእኔ ድርሻ ነበሩ። ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም።

ኸይሩን መጀመሪያ ያየሁት ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ነው። ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ካሜራዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ተጠጋሁ። አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው የሱቅ ግድግዳ ተደግፎ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቧል። አንዲት ሳንቲም በቀኝ መዳፉ ላይ ያሳያል፣ ወደ ግራው ያስተላልፋል፣ ይጨብጣል፣ እፍ ይላል፣ ሁለቱንም እጁን ይከፍታል። የለችም። ከዚያ ከአንድ ገበሬ ጆሮ ሥር፣ ወይም ከአንዲት ሴት የሽንኩርት ክምር ውስጥ ያወጣታል። ሰው ይጮኻል፣ ይስቃል።

«እኔ ከእናንተ የምሰርቀው ዓይናችሁን ብቻ ነው» ይል ነበር። «እሱንም ስትሄዱ እመልስላችኋለሁ።»

ሙያዬ ማየት ነው። ሰው ሊዋሽ ሲል፣ ሊያፍር ሲል፣ ከሌላው ቀድሜ አየዋለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳንቲሟ ዓይኔ ሥር ጠፋችብኝ። ቀስ ብዬ ወደ ግራው ዞርኩ። ወዲያው ቀና ብሎ አየኝና ሳቅ አለ።

«ወንድሜ፣ በዚያ በኩል አትቁም፤ ፀሐይ ትከልለኛለህ።»

ሰማዩ ደመና ነበር። ገበያው ሁሉ ጥላ ነው። ሰዉ ሲበተን ሄጄ፣ «የትኛውን ፀሐይ ነው የከለልኩዎት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እሱን ካስተዋልክ ምሳ ይገባሃል» አለ። «ደግሞ አንቱ አትበለኝ። አንቱ ስትለኝ ኪሴን ልትፈትሽ የመጣህ ይመስለኛል።»

ቤቱ ወሰደኝ። ባለቤቱ ሩቂያ ቅቤ ነጋዴ ናት። ከመስቃን ገጠር ቅቤ ትሰበስባለች፣ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ገበያ ታወጣለች። ቆጮ አቀረበችልኝና፣ «ጎመንና አይብ ነው፣ ሥጋ የለበትም፤ ሳትፈራ ብላ» አለችኝ። ስሜ ግርማ መሆኑን ስትሰማ ክርስቲያን መሆኔን አውቃ ነው።

«እትዬ ሩቂያ፣ ሳንቲሟ የት ነው የምትገባው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ጠይቄው አላውቅም። እሱ ቅቤዬን ከማን እንደማመጣ አይጠይቀኝም፤ እኔም እጁን አልጠይቀውም።»

ኸይሩ ይህን ሲሰማ እንደ ልጅ ደስ አለው። በወጣትነቱ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ተሸካሚ እንደነበር፣ ሙያውን ከአንድ የህንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሠራተኛ እንደተማረ አጫወተኝ። እያወራ ሳንቲሟ በጣቶቹ መሀል ስትሄድ አያለሁ። እሱ ግን አያያትም።

ከቤቱ ስንወጣ አንዲት ጎረቤት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዘይነባ ትባላለች፤ እሷም ቅቤ ነጋዴ ናት። ኸይሩ ሲያልፍ በነጠላዋ ጫፍ የቅቤ ዕቃዋን ሸፈነች። እኔ ሳቅሁ። ኸይሩ አልሳቀም። እርምጃውን ፈጠን አድርጎ ጥጉን ዞረ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ተመለስን። መኪናዋ ስትቆም መጀመሪያ ያየሁት የኸይሩን አጥር ነው። ግማሹ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ሩቂያ በሩን ከፈት አድርጋ ማን እንደሆንኩ ካጣራች በኋላ አስገባችኝ። ግንባሯ ላይ የድንጋይ ቁስል ነበረባት።

የሆነው እንዲህ ነው። በአንድ የገበያ ቀን ዘይነባ፣ ቅቤዬ ከቤት ሳወጣው ከነበረው ጎደለብኝ አለች። በሌላው ሳምንት ሁለት ሴቶች ተጨመሩ። ሁሉም መደባቸው ከሩቂያ አጠገብ ነው። ባሏ ሳንቲም ከሰው እጅ ያጠፋል፤ ታዲያ ቅቤስ? ወሬው ከገበያ ወደ ቡና ቤት፣ ከቡና ቤት ወደ ገጠር ሄደ። ባልና ሚስቱ ሰላቢ ናቸው ተባለ። የሰውን እህልና ቅቤ በማይታይ እጅ ወደ ቤቱ የሚያሻግር ሰው ነው ሰላቢ የሚሉት፤ ስሙ የተለጠፈበት ሰው ጎረቤት እሳት እንኳ አያውሰውም። የሩቂያን ቅቤ ጭቃ ላይ ደፉባት። ድንጋይ ተወረወረ። ከዚያ አጥሩ ተቃጠለ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ኸይሩ ቁርኣን ይዞ ማለ። «ሰላቢ መሐላ ይፈራል እንዴ?» አሉ ሴቶቹ። ይኼኔ ኸይሩ ሌላ ነገር ሞከረ፤ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቱ ጠርቶ የምትሃቱን ምስጢር፣ ደብቆት የኖረውን ሁሉ ገልጦ አሳያቸው። ሁለቱ አመኑ። አንደኛው ግን ወጥቶ፣ «አሁንም አፍዝ አደንግዝ አድርጎብን ነው፤ የፈለገውን ነው ያሳየን» ብሎ አወራ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሐጂ ሙክታር ቅን ሰው ነበሩ። ለኸይሩ የነገሩትን ኸይሩ ራሱ ነገረኝ፤ «እኔ አምንሃለሁ ልጄ። ሴቶቹ ግን ዓይናቸውን ነው የሚያምኑት፤ ዓይናቸውን ደግሞ አንተው ነህ ያሳጣሃቸው።» እስከ ሁለተኛው አርብ ራሱን ካላነጻ ከሚስቱ ጋር ከተማውን ለቅቆ እንዲሄድ ተወሰነ።

ኸይሩ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ሳንቲም አልያዘም። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተጋድመዋል።

«ካሜራህን ማፍዘዝ ይቻላል?» አለኝ በድንገት።

«አይቻልም።»

«ያየውን እኔ በሌለሁበት ይናገራል?»

«ይናገራል።»

«እንግዲያው ከኋላዬ ቁም።»

የቀረኝ አንድ ጥቅል ፊልም ብቻ ነበር። እሱም ለአዲስ የውሃ ጉድጓድ ተብሎ ከአዲስ አበባ በፊርማ የወጣ ነው። ለሌላ ነገር ብጠቀምበት ሥራዬ ላይ ችግር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተሰማም፣ «ግርማ፣ በማያገባህ አትግባ። ነገ ከተማው ይህን ሰውዬ ሲያባርር እኛንም መኪናዋ ውስጥ እንዳለን ያቃጥለናል» አለኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ስነሳ ካሜራዋን አነሳሁ።

ጓሮው ውስጥ እንሰቱ መሀል ቦታ አገኘን። ሩቂያ በር ላይ ቆመች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ ሰው እንዳይመጣ ለመጠበቅ። ደመናው ዝቅ ብሏል፤ ብርሃኑ በየደቂቃው ይቀንሳል። ካሜራዋን አፍጥኜ ካስኬድኳት ሲታይ እንቅስቃሴው ሁሉ ይዘገያል፤ ግን ፊልሙ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ከፊት ለፊቱ ጥቂት አነሳሁ። ከዚያ ያ ማንም እንዲቆምበት የማይፈቅደው ቦታ፣ ከግራ ትከሻው ኋላ ቆምኩ።

«ዝግጁ ነህ?»

«ቢስሚላህ።»

ካሜራዋ መንጫረር ስትጀምር ሳንቲሟ ወደቀች።

አቆምኩ። ኸይሩ ጎንበስ ብሎ አነሳት። «ወላሂ፣ ከድሬዳዋ ወዲህ ወድቃብኝ አታውቅም» አለ። አንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና ወደቀች። የካሜራዋ ቆጣሪ ከግማሽ በላይ ሄዷል።

«ቀስ በል» አልኩት።

«ቀስ ስል ነው የሚወድቅብኝ። እጄ ሰው እያየው መሥራት አያውቅም።» አንገቱን ጠረገና፣ «አንድ ነገር አውራኝ። እንደ ገበያ ቀን አውራኝ» አለ።

ምን እንዳወራሁ አላስታውስም። ስለ ተሰማ አነዳድ ይመስለኛል። ኸይሩ ሳቅ ሲል ካሜራዋን ለቀቅኳት። በካሜራዋ ማያ ቀዳዳ አየሁት። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ድሬዳዋ ሳጥን ወድቆባት ተሰብራ፣ ቆልመም ብላ የዳነች ናት። ሳንቲሟ መዳፉ ውስጥ አልገባችም፤ በጣቶቹ ጀርባ ዞራ መጣችና ያች የተቆለመመች ጣት እንደ መንጠቆ ያዘቻት። ይኸው ነው። አጋንንት የለ፣ መድኃኒት የለ። የአንድ ተሸካሚ የተሰበረ ጣትና የሃያ ዓመት ልምምድ። አገላብጦ በሌላ ዓይነትም ሲያደርገው ፊልሙ ጠቅ ብሎ አለቀ።

ካሜራዋን ሳወርድ ኸይሩ ወደ እኔ አልዞረም።

«አንድ ጊዜ ታሳያለህ» አለ። «እዚህ፣ ለእነዚህ ሰዎች። ከዚያ ታቃጥለዋለህ። ወልቂጤ አለ፣ ሆሳዕና አለ፤ እዚያ ሄጄ እበላበታለሁ። እዚያ ካወቁብኝ ግን አለቀልኝ።»

«ቃሌ ነው» አልኩት። ስናገር ከልቤ ነበር።

ፊልሙ አዲስ አበባ ሄዶ መታጠብ ነበረበት። የላቦራቶሪውን ሰው ለምኜ ከሥራ ዝርዝር ውጭ አስገባሁ። ጨለማው ክፍል ደጃፍ ቆሜ የጠበቅሁበትን ሰዓት አልረሳውም። ብርሃኑ አንሶ ከሆነ? እጄ ተንቀሳቅሶ ከሆነ? ሁለት ሰው ከቤቱ የሚፈናቀለው የካሜራዬ የብርሃን መክፈቻ በአንድ ነጥብ ስለተሳሳተ ይሆናል። ሰውዬው እርጥቡን ፊልም ይዞ ወጣና፣ «የመጀመሪያው ጭጋግ ነው፤ ኋለኛው ግን…» ብሎ ወደ መብራት አነሳው። «ይህ ጣት የማን ነው?» አለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ተነፈስኩ።

ለወባ ትምህርት ማሳያ ተብሎ የተያዘውን ጉዞ አስቀድሜ ሐሙስ ዕለት ከተሰማ ጋር ተነሳን። አዋሽን ተሻግረን ጥቂት እንደሄድን ዝናቡ መንገዱን በላው። መኪናዋ እስከ ሆዷ ገባች። ሐሙስ እዚያው አደርን። አርብ ጠዋት ገበሬዎች በበሬ ጎትተው አወጡን። ቡታጅራ ስንገባ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ የኸይሩ ደጃፍ ላይ ሁለት የተጫኑ አህዮች ቆመው አየሁ። ሩቂያ አንዱ አህያ ላይ ድስት እያሰረች ነበር።

ሐጂ ሙክታር ትምህርት ቤቱን አስከፈቱልን። መስኮቶቹን በብርድ ልብስና በጋቢ ሸፈንን። ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ፣ ቅቤ ነጋዴዎቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። ዘይነባ ከፊት ነበረች። ኸይሩ ከኋላ ግድግዳ ሥር ቆመ። ሩቂያ ከጎኑ ነበረች፤ ፊልሙ ሲጀምር ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች። እንድታይ ማንም አልነገራትም፤ እሱም ቀና በይ አላላትም።

መጀመሪያ ጭጋጉ መጣ፤ በጭጋጉ ውስጥ ኸይሩ፣ ሳንቲሟ፣ ባዶ እጅ። ሴቶቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ከዚያ ከኋላ የተነሳው መጣ። እጁ የግድግዳውን ግማሽ ሞላ። ሳንቲሟ ቀስ፣ በጣም ቀስ ብላ በጣቶቹ ጀርባ ተሳበች፤ ትንሿ ጣት ታጠፈች፤ ያዘቻት።

ጄኔሬተሩ ብቻ ነው የሚሰማው።

«እንደገና» አለች ዘይነባ።

አምስት ጊዜ አሳየኋቸው። በሦስተኛው አንዲት ሴት ሳቀች። በአምስተኛው ሁሉም እየሳቁ ነበር፤ ጣታቸውን እያጠፉ፣ እርስ በርስ እየተያዩ። ሐጂ ሙክታር ተነስተው፣ «የጂን ጣት አይሰበርም። እኛ ነን የሰው ስም የሰበርነው» አሉ። ዱአ ተደረገ። ዘይነባ ወደ ሩቂያ ሄዳ ትከሻዋን ያዘች፤ ሁለቱም አለቀሱ። አህዮቹ ተራገፉ። የተቃጠለውን አጥር በማግስቱ ጎረቤት ወጥቶ አጠረው።

ኸይሩ ግን ሳቁ ሲጀመር ሹልክ ብሎ ወጥቶ ነበር። ደጅ አገኘሁት፤ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቷል።

«አሁን አቃጥለው» አለኝ።

«ከወባው ፊልም ጋር ተቀጥሏል፤ አዲስ አበባ ስደርስ ለይቼ አቃጥለዋለሁ» አልኩት። እውነት ነው፤ ተቀጥሏል። መቁረጫው ግን መኪናው ውስጥ፣ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ነበር።

አላቃጠልኩትም። ለምን እንደሆነ ሳልሸፋፍን ልናገር። ዓመታት ሙሉ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ ጣት በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የተሻለ ነበር። አንድ ሰው እንዲያይልኝ ፈለግሁ። አለቃዬን ጠርቼ አሳየሁት። የጉድጓዱን ፊልም የት አደረስከው ብሎ ሊቆጣ የመጣው ሰው ሦስት ጊዜ አስደግሞ አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ባዕድ አምልኮን ለማጥፋት ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም» አለ። በየከተማው ከወባው ፊልም በፊት እንዲታይ ትእዛዝ ወጣ። ለማን ምን ቃል እንደሰጠሁ አልነገርኩትም። ደመወዝ ጭማሪ፣ ሹመት፣ ምንም አላገኘሁበትም። አንድ ጊዜ ትከሻዬን መታኝ፤ ይኸው ነው።

ወልቂጤ የሆነው በጥቅምት ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ እናሳያለን። ሰው እስከ በሩ ሞልቷል። ጣቷ ስትታጠፍ እንደ ሁልጊዜው ሳቅ ፈነዳ። የሰው ፊት ማየት ስለምወድ ዞር አልኩ። በሩ ላይ ኸይሩ ቆሟል። ጆንያውን ብብቱ ሥር ይዟል። ጫማው በጭቃ ተለውሷል፤ ተራራውን አቋርጦ በቸሃ በኩል ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ነው የመጣው። ማንም አያውቀኝም ብሎ ወደመጣበት ገበያ።

ማሽኑን ላጥፋው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አላጠፋሁትም። ምን እንደያዘኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንድ ጎረምሳ ዞር ሲል አየው። «ሰውዬው! ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ ይኸውና!» ሰው ሁሉ ዞረ። እየገፉ ወደ ፊት አመጡት። «አሳየን! አሳየን!» ኸይሩ አካባቢውን አየ። እኔንም አየኝ። ከዚያ ጆንያውን መሬት አስቀመጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሳንቲሟን አወጣ። ቀኝ መዳፍ፣ ግራ፣ ጭብጥ፣ እፍ።

«ትንሿ ጣት! ትንሿ ጣት!» ብሎ መጋዘኑ ሁሉ ጮኸ።

ኸይሩ ግራ እጁን ገልብጦ ሳንቲሟን አሳያቸው። ፈገግ ብሎ እጅ ነሳ። በደንብ ነው ያደረገው፤ ቀልድ እንደሚያውቅ ሰው።

መኪናው ጋ መጥቶ አገኘኝ። ተሰማ ኬብል ሊጠቀልል ዘወር አለ።

«አንድ ጊዜ ነበር ያልከኝ» አለ።

«አለቃዬ አዘዘኝ፣ ጋሽ ኸይሩ። የመንግሥት ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ?»

«ለአለቃህ ማን አሳየው?»

ዝም አልኩ። መልሱን እየጠበቀ ብዙ ቆመ። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ብናገር፣ ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ይሻል ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሩቂያ እንዳትሰማ» አለኝ። «የእሷን ስም ለማጥራት ባነሳነው ፊልም እንጀራዬ እንደተቆረጠ ካወቀች ራሷን ትበላለች። ቡታጅራ ስትመጣ እንደ ድሮው ቤት ግባ። ብላ፣ ተጫወት። ከቀረህ ትጠረጥራለች።»

ጆንያውን አንስቶ በጉብሬ በኩል ወደ መጣበት መንገድ ገባ።

ስለዚህ ገባሁ። በየሁለት ወሩ፣ አብዮቱ መጥቶ መሥሪያ ቤታችን እስኪበተን ድረስ፣ እዚያ ቤት ገባሁ። ኸይሩ ለሩቂያ፣ «ምትሃት ሰለቸኝ፤ ለሰው መነጋገሪያ ከመሆን ንግድ ይሻላል» ብሏት በርበሬ ንግድ ጀምሮ ነበር። ዓይኑ ሁልጊዜ ይቀላል፣ ያስነጥሰዋል። ሩቂያ የምትይዘው የምትጨብጠው ይጠፋታል፤ አይቡን ከፊቴ ትከምርልኛለች። «አንተ ባትኖር የት ወድቄ ነበር? አላህ ዕድሜህን ያርዝምልኝ» እያለች ትመርቀኛለች። ኸይሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ «አሚን» ይላል። አንድ ቀን በነገር አልነካኝም። አንድ ቀን በዓይኑ አልወቀሰኝም። እዚያ ቤት እሱን እየፈራሁ እንጂ ወድጄ የበላሁት ምግብ አልነበረም። በርበሬ የገዛ ሰው ሂሳብ ሲከፍለው ኸይሩ ሳንቲሞቹን በጣቱ አይነካም፤ መዳፉን ዘርግቶ ይቀበልና ሌማት ላይ ያፈስሳቸዋል።

ከዚያ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወርኩ። ፊልሙ የት እንደገባ አላውቅም። እኔም ቡታጅራን ራቅሁት፤ በመራቄ ቀለለኝ ማለት አልችልም።

የበርበሬ ነጋዴው በነገረኝ ሳምንት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ሩቂያ አርጅታለች። በድምፄ ነው ያወቀችኝ። ካለቀስን በኋላ ለብቻችን ስንሆን ሁሉንም ነገርኳት፤ ወልቂጤን፣ መጋዘኑን፣ ኸይሩ እንዳልነግራት አደራ ማለቱን። አንገቴን ደፍቼ ነው የተናገርኩት።

«አውቃለሁ» አለች።

ቀና አልኩ።

«በዚያው ወር ነው የሰማሁት። ከወልቂጤ ቅቤ የምታመጣልኝ ሴትዮ መጋዘኑ ውስጥ ነበረች።»

«ታዲያ እትዬ፣ ያንን ሁሉ ዓመት…»

«እሱ ለእኔ ብሎ ሲደብቀኝ፣ አውቄብሃለሁ ብዬ ላሳፍረው? አላወቅሁም፤ አለቀ።» መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አንተን ግን ልረግምህ ነበር። አንድ ቀን ቆጮውን ፊትህ ላይ ልደፋው ብድግ ብዬ አውቃለሁ። ደግሞ ሳስበው ከስደት ያዳንከኝም አንተው ነህ። ሁለቱን ማስታረቅ አቃተኝ። እያበላሁህ ተውኩት።»

«ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«የእኔን ያኔ ጨርሻለሁ። የእሱን እሱ ጋ ሂድና በለው።»

መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከጥዱ ሦስተኛው ብላኛለች። አገኘሁት፤ ራስጌው ላይ አንድ ያልተጠረበ ድንጋይ፣ ዙሪያው ሣር። ማንም አልነበረም፤ ቢኖርም አልተውም ነበር። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ያዝኩና በደንብ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ።

«ጋሽ ኸይሩ፣ ለአለቃዬ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።»